ልጆችን ይዞ ስድስት ኪሎ ሙዚየም

«ልጅ ይዞ ሙዚየም? ይሰለቻሉ፣ ይነካካሉ፣ ይሯሯጣሉ» ይሉኛል ጓደኞቼ። እኔ ግን የልጆች ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ስድስት።

መጀመሪያ የምወስዳቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ዛሬም ይጎበኛል። ትንሹ ከአልጋው ይልቅ መታጠቢያ ቤቱ ነው የገረመው። «ንጉሥንም ማታ ታጠብ ይሉታል?» አለኝ።

ይህን ሙዚየም የምወድበት ዋናው ምክንያት ግን አደራደሩ ነው። የባህል ዕቃዎቹን የሰደሩት የሰውን ዕድሜ ተከትለው ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞት። ስለዚህ ልጅ ጉብኝቱን የሚጀምረው ከሚያውቀው ነገር ነው። መወለድ፣ ጨዋታ፣ ተረት። እኔም ስለ ገበጣና ስለ ቅልልቦሽ ያወራሁላቸው እዚያ ቆመን ነው። ቤት ውስጥ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል!

የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ ስንደርስ አውታር እናስቆጥራለን። በገና አሥር፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ማሲንቆ አንድ ብቻ ናት፣ እሷም የፈረስ ጭራ። «በአንድ ብቻ እንዴት ይዘፈናል?» የሚለው ጥያቄ እስከ ታክሲ ድረስ ተከትሎን መጣ።

ውጪ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ወደየትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው የሠራው፤ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ታሪክ ለልጅ ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ደረጃውን ይቆጥራሉ፣ አንበሳውን ያያሉ፣ ይገባቸዋል።

ብሔራዊ ሙዚየም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ግን በሌላ ቀን ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ለልጅ ቅጣት ነው።

እዚያ ሁሉም ሰው የሚሄደው ወደ ድንቅነሽ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከምናምን መሆኑን ስነግራት ትልቋ ወዲያው ከራሷ ጋር አስተያየች። ለልጆች ይበልጥ የምትቀርባቸው ግን ሰላም ናት። በ1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የተመራማሪው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ቅሪተ አካሏን ያገኘላት ሕፃን ናት፤ ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። የወተት ጥርሶቿ ገና አልወለቁም፤ ቋሚዎቹ ድድ ውስጥ ተደብቀው በራጅ ታይተዋል። የፊት ጥርሱ የሚነቃነቅበት ትንሹ ልጄ ይህን ሲሰማ ከዚያ አልነቃነቅ አለ።

አጠገባችን ደግሞ የተማሪዎች ሰልፍ በሩጫ ያልፍ ነበር። አስተማሪው «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል። አንጀቴን በላኝ። መምህራን ሆይ፣ ይህን ካነበባችሁ አደራ፦ ሙሉውን አታሳዩአቸው። አንድ ክፍል ምረጡ። ደብተርና እርሳስ ስጧቸው፣ የወደዱትን ዕቃ ቁጭ ብለው ይሣሉ። ጥያቄ ሲጠይቁም አታስቸኩሏቸው።