ኦሪጅናሉን እንዳትሰጡ

ለሶማሊያ ጦርነት የዘመትኩት በ1969 ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠንን፣ ወደ ምሥራቅ ተጫንን። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋን መልሰን ስንይዝ እኔ ካራማራ ተራራ ሥር ትከሻዬን ተመትቼ ተኝቻለሁ። ሜዳዩና የምስክር ወረቀቱ በኋላ መጡ። በ1983 ጦሩ ሲበተን አዳማ ገባሁ። ጋሪ ነዳሁ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆንኩ፣ የእድር ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ። ሰፈሩ "ሻምበል" ይለኛል። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ያቃጠለኝ ፋይሉ ነው። ጡረታ ስወጣ የውትድርና ዘመኔ እንዲያዝልኝ ለጡረታ ቢሮ አመለከትኩ። ልጅቷ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋችና ጣቷን አንድ ፊደል ላይ አሳረፈች።

"አባባ፣ ይሄ እርስዎ አይደሉም።"

በጦሩ ወረቀት ስሜ በሐመሩ ሐ ነው፤ በመታወቂያዬ በሃሌታው ሀ።

"ልጄ፣ ሲጠሩኝ እኮ አንድ ነው።"

"ሲስተሙ አይቀበልም።"

ቀበሌ ሄድኩ። ደብዳቤው የተጻፈልኝ በኦሮምኛ ነው፤ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ሐና ሀ ልዩነት የላቸውም። ተገላገልኩ ብዬ ይዤ ተመለስኩ። "አስተርጉመው ያምጡ።" አስተርጓሚው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በብዙኃኑ ኀ ጻፈው። ሦስት ሰው ሆንኩ።

ቀጥሎ አብረውኝ የዘመቱ ሦስት ምስክሮች አምጣ ተባልኩ። የሁለቱን ስም ከእድሩ መዝገብ የሰረዝኩት እኔው ነኝ። ሌሎች ፍለጋ ወራት ፈጀብኝ።

የባሰው ግን የራሴ ጥፋት ነው። "ለማጣራት ኦሪጅናሉን ይተዉልን" አሉኝ፤ የሜዳዩን ምስክር ወረቀት ያለ ደረሰኝ ትቼ ወጣሁ። እኔ! ዳኛ ሆኜ ሰውን ሁሉ "ማስረጃህ የታለ?" እያልኩ ያፋጠጥኩ ሰው። ስመለስ "ፋይልዎ ሌላ ክፍል ተዛውሯል።" ሌላው ክፍል ደግሞ "አልደረሰንም።" ፊደሉ በስንት ምልልስ ተስተካከለ። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እነሱ ኦሪጅናል አስረክቡ ይላሉ። እኔ አሳዩ እንጂ አትስጡ እላለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡ። የስማችሁንም ፊደል የሚመሰክሩላችሁ ጓዶች በሕይወት እያሉ አስተካክሉ።

ሜዳይ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁም አትሂዱ። አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ። ብድግ ያለልኝ የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው። እሱም የቀድሞ ሠራዊት ነው። የእሱ ፋይል ገና አልተከፈተም።