ከወልወል እስከ ነገሌ፦ የጥምቀት ሰላምታ ለድንበር ጠባቂዎች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለከተራና ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! እዚህ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የካ አባዶ፣ የሰፈራችን ወጣቶች ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርጉ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከሕንፃ ሕንፃ ሲወጥሩ ሰነበቱ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከየደረጃው ሥር ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። በዓሉ የውኃ በዓል ነውና ዘንድሮ ሰላምታዬን ማስቀደም የምፈልገው ድንበር ላይ ለሚያድረው እግረኛ ወታደር ነው። ታሪኩ ሲተረክ የምንሰማው ተኩሱንና ድሉን ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከተኩሱ በፊት ጥሙ ይታየኛል።

ወልወልን እናንሣ። ኦጋዴን ውስጥ፣ ዘላኑ ግመሉን ከሩቅ እየነዳ የሚያጠጣበት የብዙ ጉድጓዶች ስፍራ ነው። ኢጣሊያ የሰው አገር ገብታ ምሽግ የሠራችው ለአሸዋው ብላ አልነበረም፤ በዚያ በረሃ ውኃውን የያዘ አገሩን እንደሚይዝ ታውቃለች። በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ወር የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሽን ከአጃቢ ወታደሮቹ ጋር ሲደርስ ጉድጓዶቹ በኢጣሊያ ጦር እጅ ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች ተፋጠው ሰነበቱና ኅዳር 26 ተኩስ ተከፈተ። ኢጣሊያኖቹ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ነበራቸው። ከእኛ ወገን ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹን ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ወደቁ። ሙሶሊኒ ይህን ግጭት ሰበብ አድርጎ ከአሥር ወር በኋላ ጦሩን መረብ አሻገረ።

ወረራው ከተጀመረ በኋላ እዚያው ኦጋዴን ውስጥ የቆራሄን ምሽግ የያዙት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ነበሩ። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ምሽጉን ሲደበድቡ የአየር መቃወሚያውን መድፍ ራሳቸው ይተኩሱ ነበር። በጽኑ ቆሰሉ። ወደ ሐኪም ይሂዱ ሲባሉ እንቢ አሉ፤ እኔ ከሄድኩ ሠራዊቱ ይፈታል ብለው ሰጉ። ቁስላቸው መርቅዞ ሞቱ፤ የፈሩትም አልቀረም፣ ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ። የደጃዝማችነት ማዕረግ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ስለ እኒህ ሰው በየትምህርት ቤቱ ከዚህ በላይ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ከነጻነት በኋላ ያንን በረሃ የጠበቀው መቀመጫው ሐረር የነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የድንበር ውጊያ በጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም መሪነት ተዋግቷል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የተገኘውን የካራማራ ድል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አላረዝመውም።

ልቤ የሚቆምበት ግን ነገሌ ቦረና ነው። እዚያ በድንበር ጥበቃ ላይ የነበረው የአራተኛ ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች የውኃ ሞተራቸው ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ቀለቡም የሚበላ አልነበረም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መኮንኖቻቸውን አሠሩ። ነገሩን አጣርተው እንዲያበርዱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩት ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ሲደርሱ ያንኑ ምግብ አብልተው ያንኑ ውኃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛመተ፤ በየካቲት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። አብዮቱን ውኃ ብቻ አመጣው አልልም። ነገር ግን ድንበር ጠባቂን በግጥም ማወደስ አንድ ነገር ነው፤ የውኃ ሞተሩን በጊዜ ማስጠገን ሌላ። በመጀመሪያው ማንም አይቀድመን፤ በሁለተኛው ግን ሰነፎች ነበርን።

ጎረቤቴ ጋሼ በወጣትነታቸው ኦጋዴን የዘመቱ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የውኃ ቦቴ ሲዘገይ ለአንድ ሰው የቀን ድርሻው አንድ ኮዳ ነበር፤ ኮቾሮው፣ ያ ደረቁ የወታደር ስንቅ፣ ደግሞ ያለ ውኃ ጉሮሮ አይወርድም። አንድ ዓመት በጥምቀት ዕለት ዲያቆን የነበረ ጓዳቸው ጸሎት አድርሶ ከራሱ ኮዳ ይረጫቸው ጀመር። «የሚጠጣ ውኃ ታፈሳለህ?» ብሎ የተቆጣው ተኳሽ ሲረጭ ግን ከሁሉም ፊት ቆሞ ተገኘ አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እንግዲህ አደራዬን ስሙኝ። ባሏ ወይም ልጇ ግዳጅ ላይ የሆነ ሴት በየሰፈራችሁ አለች፤ በእኛ ብሎክም አለች። በዓሉን ብቻዋን አታሳልፍ። ልጆቿን ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ውሰዱላት፣ ማዕድ አቋድሷት።

በየምሽጉ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቦቴው በሰዓቱ ይድረስላችሁ፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ለመመለስ ያብቃችሁ። መልካም የጥምቀት በዓል!