መድኃኒት ያልቀመሰ ሕፃን

ዛሬ ጠዋት ከላብራቶሪያችን ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ከምናሳድግበት ማሞቂያ ሳጥን) ያወጣሁት ፕሌት፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጠፍጣፋ ሳህን፣ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። ከአንድ ጨቅላ ሕፃን ደም ያደገ ባክቴሪያ ነው። ክሌብሲዬላ። አሠራሩን ለማታውቁ፤ ባክቴሪያውን ፕሌቱ ላይ እንቀባውና አንቲባዮቲክ የያዙ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች እናስቀምጥበታለን፣ 35 ዲግሪ ላይ ያድራል። የሚሠራ መድኃኒት ከሆነ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፣ እሱን በማስመሪያ በሚሊ ሜትር እንለካለን። የዛሬው ግን ሴፍትሪያክሰን በሚባለው አንቲባዮቲክ ዙሪያ ምንም ክብ የለውም። በጄንታማይሲንም የለም። ክብ የታየው በሜሮፔነም ዙሪያ ነው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ በተፈለገ ሰዓትም ላይገኝ ይችላል።

ሕፃኑ ገና ሳምንት አልሞላውም።

ስለ ጀርሞች መድኃኒት መላመድ ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥን፣ ሻል ሲል ማቋረጥን፣ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን መውሰድን ነው። እውነት ነው፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ፔኒሲሊንን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ መጠኑን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ግን ይሄ ሕፃን ምን ዋጠ? ምኑን አቋረጠ?

ጀርሙ ሌላ ሰው ላይ ተላምዶ ነው የመጣው። ከእናቱ ሊሆን ይችላል። ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከተኙ ከበርካታ ሕፃናት የተገኘ ባክቴሪያ ለተመሳሳይ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምላሽ ሲሰጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው እጅን ነው። ከዚያ ከሕፃናቱ አፍና አፍንጫ ፈሳሽ የሚመጠጥበትን የመምጠጫ ቱቦ፣ የአልጋውን ጠርዝ፣ ራሱ የእጅ መታጠቢያውን ገንዳ። ይባስ ብሎ ክሌብሲዬላ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ጂን ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ይዞ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያካፍላል። በፈረንጆቹ 2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ አንድም ክኒን አላግባብ ያልዋጠ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ደግሞ እጅ ስንል የማንን እጅ? እኛ አገር ታማሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንቱን የሚደፋው አስታማሚ ነው። ከደምቢያ ወይም ከወገራ ልጇን ይዛ የመጣች እናት የአጠገቧ አልጋ ሕፃን ሲያለቅስ ብድግ ብላ ታባብላለች። ደግነት ነው፣ ማንም ተይ ሊላት አይገባም፤ ግን እጇን የምታሸበት አልኮል አጠገቧ ሊኖር ይገባል። ጎንደር ላይ ጀሪካን ይዞ ውሃ ያልጠበቀ ሰው ጥቂት ስለሆነ «ታጠቡ» ብሎ ፖስተር መለጠፍ ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ አልኮል በየሆስፒታሉ እንዲዘጋጅ ቀመሩን አውጥቷል፤ ኤታኖል፣ ትንሽ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ፣ ትንሽ ግሊሰሮልና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ቆሻሻ በግልጽ የሚታይበት እጅ ግን ያው ውሃና ሳሙና ይፈልጋል።

ባለፈው ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዷን «እትዬ፣ በረኪናውን እንዴት ነው የሚለኩት?» አልኳቸው።

«ምን እለካዋለሁ ልጄ፣ አፍንጫዬን ሲያቃጥለኝ በቃ ደረሰ እላለሁ» አሉኝ።

ማንም አላሳያቸውም። ስንት ዓመት በጓንትና በመጥረጊያ ያንን ክፍል ሲጠብቁ ኖረው! አንድ ጣሳ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ ጣሳ ውሃ፣ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ክሎሪኑን ያደክመዋል፤ የተበጠበጠውን አለማሳደር። ወዲያው ያዙት፣ እንዲያውም ለጓደኞቻቸው ሲያስረዱ ሰማኋቸው፣ ከእኔ በተሻለ።

በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጎንደር እኮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ ከጤና መኮንንና ከማኅበረሰብ ነርስ እኩል ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ንጽሕና ሙያ ነው ያለች ከተማ። ዛሬ ግን ለአዲስ ማሽን ገንዘብ ጠይቁ ስንባል እንሯሯጣለን፣ ለጽዳት ሠራተኛ ሥልጠና ሲሆን የበጀት መደብ ይጠፋል። እኔ ተመራማሪ ነኝ፣ ማሽኑን እፈልገዋለሁ። ግን ማሽኑ ጀርሙን በስሙ ይጠራልኛል እንጂ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው እንዳይሻገር አያግድልኝም።

የሚቀጥለውን ጥናት እቅድ ዛሬ ማታ እንደገና እየጻፍኩት ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ ሥልጠና መጀመሪያ ላይ ገብቷል። ነገ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ከመምጠጫ ቱቦዎቹና ከገንዳው ስዋብ (በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰድ ናሙና) እንወስዳለን፣ ውጤቱ ሲደርስ ለሐኪሞቹ ብቻ ሳይሆን ለእትዬና ለባልደረቦቻቸውም ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ።