ሦስተኛው መስመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። «ካዳንከኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስያለሁና ስለቴን ልክፈል።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ስኳር ካገኘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በሰኔ ጾም ምግቤን ስቀንስ፣ ማንንም ሳላማክር የኢንሱሊን መርፌዬንም ቀነስኩ። አምላክ አላዘዘኝም፤ የራሴ ድፍረት ነው። ሐምሌ እንደገባ ጭኔ ላይ ብጉንጅ የምትመስል ነገር ወጣች። በማግስቱ የሚታየው ትንሽ ቅላት ነው፣ የሚሰማኝ ግን እሳት። ሲመሽ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር።

ጎረቤታችን ወዲያው አይሱዙውን አስነሳ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት በጭጋግ ተውጧል። እሱ መሪውን ጨብጦ «ያ ረቢ» ይላል፣ እናቴ «እመቤቴ» ትላለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። (አላህ ልጆቹን ያሳድግለት፤ የነዳጅ እንኳ አልቀበልም አለ።)

ደሴ ስንደርስ አንዲት ወጣት ነርስ የቅላቱን ጠርዝ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረችና ሰዓቱን ጻፈችበት፦ 4፡15። ስኳሬ ከ400 በላይ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስታየው ቅላቱ መስመሩን ሁለት ጣት አልፎታል። ሌላ አሰመረች። ያንንም አለፈው። ሐኪሙ ቆዳዬን ጫን ሲያደርገው ደረቅ ቅጠል እንደተረገጠ ከውስጥ ተንኮሻኮሸ።

«ባክቴሪያው ከቆዳው ሥር ሥጋውን እየገደለ ነው» አለ። «የሞተ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም። አሁኑኑ ተቆርጦ መውጣት አለበት።»

እግሬን ያለ መስሎኝ ጮህኩ። የሞተውን ሥጋ ማለቱ ነበር።

እዚህ ላይ ልናዘዝ፤ አምላኬን ተጣላሁት። «መስከረም 21 ግሸንን በእግሬ የወጣሁት ለዚህ ነው? ይህንኑ እግር ልትወስደው?» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። እናቴ አፌን በነጠላዋ ሸፈነችው። ቀጥሎ ኪርያላይሶን አርባ አንድ ጊዜ ልል ጀመርኩ፤ ሰባት ላይ ቁጥሩ ይጠፋኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከሰባት አልፌ አላውቅም። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉኝ ነርሷ ሦስተኛውን መስመር አሰመረች፤ እኔም ሳልጠራው ዳዊት ከአፌ ወጣ፦ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም።» እፈራ ነበር፤ ቢሆንም አልኩት።

ሲነጋ ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ዓይኗን ይዛ መጣች። ፋሻውን ገለጥ አድርጋ አጎነበሰች፣ ዝም አለች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስሄደች። «አላለፈም» አለች። እናቴ መሬት ላይ ተደፋች። ከቀናት በኋላ ቀለሙን በሳሙና ልታጥብልኝ ስትል እጇን ያዝኳት።

ከዚያ ሁለት ቀዶ ጥገና፣ በየቀኑ ቁስል ማጠብ፣ ከሌላው ጭኔ ተነሥቶ የተለጠፈ ቆዳ፤ አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ ግሸንን በእግሬ አልችለውም። ጎረቤቴ «እስከ ተራራው ሥር አደርስሻለሁ» ብሎኛል። መርፌዬን በበረዶ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ።