እንግሊዝኛ እያስተማርኩ የቴሌግራም ወሬ ማጣራትን እንዴት እንዳስገባሁበት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ሚዲያ ሊትረሲ» የሚባል፣ የሚነበብና የሚታይ መረጃን መርምሮ መቀበል የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የለኝም። ልጠይቅ ብልም ፕሮግራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ሰዋስውና ንባብ ማስተማሬ ካልቀረ፣ ምሳሌውን ለምን ልጆቹ ማታ ማታ ስልክ ላይ ከሚያነቡት ነገር አላመጣም አልኩ። መጽሐፉ አልተነካም፣ የዓመቱ ዕቅድም አልተነካም፤ የተቀየረው ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ዲፓርትመንት ውስጥ «ከሲለበሱ ወጣህ» የሚል ሰው እንዳይነሳብኝ ይሄ በጣም ጠቅሞኛል።

የጀመርኩት በፓሲቭ ቮይስ ነው፤ አድራጊውን ሳይሆን የተደረገበትን የሚያስቀድመው አነጋገር። ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ «ደብዳቤው በአበበ ተጻፈ» ሲሉ ኖረዋል። ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል፣ ምን እንደሚሠራ ግን የነገራቸው የለም። እኔ የዜና ርዕሶች ሰጠኋቸው፤ «ውሳኔ ተላለፈ»፣ «ሱቆች ታሸጉ»፣ «ገንዘብ ተዘረፈ» ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ። ሥራው ወደ አክቲቭ መቀየር ነው። ለመቀየር ደግሞ አድራጊው ያስፈልጋል። ማን ወሰነ? ማን አሸገ? ጽሑፉ ውስጥ ፈልጉ፣ ካጣችሁት ቦታውን ባዶ ተዉት አልኳቸው። ደብተር ስሰበስብ ባዶው ከተሞላው በለጠ። በእርግጥ ፓሲቭ ሁሉ ተንኮል አይደለም። ሌባው ካልታወቀ «ተዘረፈ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? እሱንም አወራን። ዋናው ነገር ልጁ ባዶ ቦታውን ማየት መጀመሩ ነው።

ቀጥሎ ሪፖርትድ ስፒች መጣ፤ ሌላ ሰው ያለውን መልሶ መናገር ማለት ነው። አንድ ሰው የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር «ሴይ» (አለ)፣ «ክሌይም» (ነው ባይ ነው)፣ «አድሚት» (አመነ) በሚሉ ሦስት ግሶች ጻፍኩና ሰውየው የትኛው ላይ ጥፋተኛ ይመስላል ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ ወንበር ሳይቀር መልስ መጣ። ይሄን ትምህርት በፊት ሳስተምር ከኋላ ወንበር የሚመጣው እንቅልፍ ነበር።

ለዚህ ክፍል እስካሁን ያገኘሁት ምርጥ ጽሑፍ የራሳችን አገር ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2005 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቢታ ገነት አካባቢ፣ የተጠለፈችን የ12 ዓመት ልጅ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቿን አባረው ሰው እስኪደርስላት ጠበቋት የሚል ዘገባ ዓለምን አዳርሶ ነበር። አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውም ለ9ኛ ክፍል አይከብድም። አንብበን እንደጨረስን ያመነ እጁን ያውጣ አልኩ። አብዛኛው አወጣ። ከዚያ እያንዳንዱን መረጃ አስምራችሁ ጎኑ ላይ «ይሄን ማን አለ?» የሚለውን ጻፉ አልኳቸው። የሰጠኋቸው ዘገባ ላይ የአንበሶቹ ታሪክ መነሻ አንድ ፖሊስ ነው፤ እሱም በስልክ የተናገረው። ሌላ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ አለ፤ የልጅቷ ለቅሶ ለአንበሶቹ የግልገል ድምፅ መስሏቸው ሊሆን ይችላል ይላል። «ኩድ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምን። ባለሙያው አየሁ አላለም፣ ሆነ አላለም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያለው። እንደ «ኩድ» ያሉትን ሞዳል ቨርቦች ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አላውቅም።

እዚህ ጋ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በቃ ውሸት ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ ፖሊስ ለምን ይዋሻል ብሎ ተቆጣ። እኔ መልስ አልሰጠሁም፤ የለኝምና። ያልኳቸው አንድ ምንጭ ያለው ዜና ውሸት ሆነ ማለት አይደለም፣ አንድ ምንጭ ያለው ዜና ነው ማለት ነው። ለሰው ስታወሩት «አንድ ፖሊስ እንዳለው» ብላችሁ አውሩት። ይቺ ሐረግ ከክፍሉ አልወጣችም። አሁን እኔ ነገ ፈተና የለም ስል እንኳ «አንድ አስተማሪ እንዳለው» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የፓስታው ነገርም ጥሩ ሄዶልኛል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1957 ፓኖራማ በሚባለው ፕሮግራሙ ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ ገበሬዎች ከዛፍ ላይ ፓስታ ሲለቅሙ አሳይቶ ነበር፤ የኤፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ነው። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እንግሊዞች እንዴት ሞኝ ቢሆኑ ነው አሉ። እሺ፣ ግን ያኔ እንግሊዝ አገር ፓስታ እንደዛሬው በየቤቱ የሚበላ አልነበረም፤ የተረከውም ሪቻርድ ዲምብልቢ ነው፣ ሕዝቡ የሚያከብረው ጋዜጠኛ። የማታውቁትን ነገር የምታምኑት ሰው ቢነግራችሁስ? የእኛ ልጆች የሳቁት ፓስታ ስለሚያውቁ ነው። በማግስቱ በሁለት ሳምንት ብር እጥፍ አደርጋለሁ የሚል የክሪፕቶ ቻናል ስክሪንሾት ሳሳያቸው የሳቀ አልነበረም። አንድ ሁለቱ እንደውም ስሙን ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ፤ ለምን እንደጻፉት አልጠየቅኩም።

ዋናው ጦርነት ግን «ሊክ» ነው። ፈተና ሲቃረብ «የወጣ ፈተና አለን» የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ፤ ብር አስገቡ ይላሉ፣ ልጆቹም ያስገባሉ። ውሸት ነው ብሎ መምከር ዋጋ የለውም። ምክንያቱም አንድ ጊዜ እውነት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እንዲፈተን የተደረገበት አንዱ ምክንያትም ስርቆትና ኩረጃ ነው። ልጁ ይሄን ያውቃል። ታላቅ ወንድሙ ነግሮታል። አጭበርባሪው የሚነግደው በዚያች እውነት ላይ ነው።

ስለዚህ ከመምከር ማሳየት ይሻላል ብዬ የራሴን ቻናል ከፈትኩ። አርሰናል የሚጫወትበት ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጥብ (.) ብቻ ፖስት አደረግኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ነጥቧን ኤዲት አድርጌ ትክክለኛውን ውጤት ጻፍኩባት። ቴሌግራም ላይ ሰዓቱ የመጀመሪያው ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሊንኩን ለክፍል አለቃው ላክሁ፣ እሱም ግሩፓቸው ላይ ለቀቀው። ጠዋት ክፍል ስገባ ያለው ጫጫታ አይነገርም። «ቲቸር፣ ቤቲንግ ይቆርጣሉ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላው የሚቀጥለውን ሳምንት ውጤት ይንገሩን ብሎ ይለምነኛል። እውነት ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ስክሪንሾቱን አትሜ ይዤ ነበርና አደልኳቸው። ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ አልኩ። «ኤዲትድ» ትላለች። ዝም ተባለ፣ ከዚያ ክፍሉ ተናወጠ። ፈተና ሻጮቹም የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ከፈተናው በፊት አንድ ነገር ለጥፈው ፈተናው ካለቀ በኋላ በትክክለኛው ጥያቄ ይቀይሩትና «ትናንት ማታ ለቀን ነበር፣ ሰዓቱን እዩ» ብለው ለሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ ይይዛሉ። ሼር የሚደረገው ስክሪንሾት ላይ ደግሞ ያቺ ምልክት ተቆርጣ ትወጣለች። ከመሀል አንድ ጸጥተኛ ልጅ ተነስቶ «ሦስት ዓይነት ውጤት ፖስት አድርጎ ሁለቱን ማጥፋትስ?» አለ። ይሄኛው ኤዲት የሚል ምልክት እንኳ የለውም። እኔ አላሰብኩትም ነበር። የዕለቱ አስተማሪ እሱ ሆነ።

«80 ሺህ ተከታይ አለው እኮ» የሚለው ክርክርም በዚያው ሳምንት ወደቀ። ተከታይ ይገዛል። የቻናል ስምም ይቀየራል፤ ትናንት የፊልም ቻናል የነበረው ዛሬ የፈተና ይሆናል፣ ተከታዩ ግን አብሮት ይሄዳል። የቤት ሥራ የሰጠሁት አንድ ቻናል መርጠው ወደ ላይ እየሳቡ የመጀመሪያዎቹን ፖስቶች አይተው እንዲመጡ ነው። ስለ ፈተና የሚያወራው ቻናል ከሥር ሲቆፈር የጫማ ሱቅ ሆኖ የተገኘበት ልጅ ለአንድ ሳምንት ጀግና ነበር።

ስለ ዘዴው የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። መጀመሪያ የምጠቀምበት የጥያቄ ዝርዝር ነበር፤ ስም አለው? ቀን አለው? ዲዛይኑ ንጹሕ ነው? የፊደል ስህተት አለበት? ይሄ ብዙም አያስኬድም። አጭበርባሪ ንጹሕ ዲዛይን መሥራት ያውቃል፣ አሁን ደግሞ ኤአይ እንግሊዝኛውን ያርምለታል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና የመረጃ አጣሪዎችን የማይታወቅ ድረ ገጽ ፊት አስቀምጠው አይተዋቸዋል። ምሁራኑም ተማሪዎቹም በአብዛኛው ገጹ ላይ ተተክለው ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። አጣሪዎቹ ቶሎ ይወጡና ሌላ ቦታ ሄደው ስለ ገጹ ማን ምን እንዳለ ያያሉ። በፍጥነትም በትክክለኛነትም የበለጡት እነሱ ናቸው። የሰፈር ሰው ይሄን ድሮም ያውቀዋል፤ ሚስት ሊያጭ የሚሄድ ሰው ስለ ልጅቷ ጎረቤት ነው የሚጠይቀው። ለልጆቹ እንዲህ ስላቸው ወዲያው ገባቸው።

ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ከ60 የማያንሱ ልጆች ባሉበት ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይታሰብም። ስለዚህ እንደ አጣሪዎቹ ከገጹ «መውጣቱን» በወረቀት ነው የሠራነው። ለአንድ ወሬ አራት ወረቀት አትማለሁ፤ ወሬው ራሱ፣ የጉግል ፍለጋ ውጤት፣ የአንድ ጋዜጣ ዘገባ፣ የተቋሙ የራሱ ገጽ። ልጆቹ በአምስት በአምስት ሆነው ወረቀቶቹን ያገላብጣሉ። የፎቶ ኮፒውን የምከፍለው ከኪሴ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፎቶው ጭራሽ የማይታይበት ጊዜ አለ። ሊንክ ማንበብ ግን በወረቀት ይበልጥ ይቀላል። በቴሌ ስም «ነፃ 50 ጊባ፣ ለ10 ሰው ላክ» ከሚለው መልእክት ላይ አድራሻውን ብቻ ቆርጬ ሰጠሁ። ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ዋና ስም፣ ከ«://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) በፊት ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ፊት ለፊት የድርጅቱ ስም ቢጻፍም የዶሜኑ መጨረሻ የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ዶት ኢቲ (.et) ካልሆነ ቆም በሉ። ዶት ኢቲ ስለሆነ ብቻም አትመኑ።

ያልጠበቅኩት ችግር የመጣው ወደ ኋላ ነው። አንዳንዶቹ ምንም አላምን አሉ። ጋዜጣ ባመጣ «ውሸት»፣ የጤና ቢሮ ማስታወቂያ ባመጣ «ውሸት»። ብልጥ የሆኑ ይመስላቸዋል፣ ግን ይሄ ስንፍና ነው፤ ሁሉን የሚያምንም ሁሉን የማያምንም አንዳቸውም አላጣሩም። ከዚያ ወዲህ ከማመጣቸው ወሬዎች ግማሹን እውነት አደረግኩ፤ በተለይ የማይመስሉትን። እውነት የሆነውን «ውሸት» ያለ ቡድን ውሸቱን «እውነት» ካለው እኩል ነጥብ ያጣል። ይሄ ብቻውን ክፍሉን ቀየረው።

ሌላው ቤት ነው። አባትህ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስኳር በሽታ ያድናል ብሎ ሲለጥፍ «አባዬ፣ ውሸት ነው» ብለህ ትጽፋለህ? አትጽፍም። ጥጋበኛ ትባላለህ። ይሄን ያነሱት ልጆቹ ናቸው። እንግሊዝኛው ላይ ኢንዳይሬክት ክዌስችን የሚባል፣ በቀጥታ ሳይሆን በትሕትና ዞር አድርጎ የመጠየቅ ትምህርት ነበረንና እሱን ይዘን ተለማመድን፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «አባዬ፣ ይሄን ማን እንደላከልህ ታስታውሳለህ?» «እማዬ፣ ሐኪምሽን እስክንጠይቅ መድኃኒቱን ባታቋርጪስ?» አንዷ ልጅ አክስቷን እንዲህ ብትጠይቃት አክስቷ ላኪውን ፍለጋ ለሦስት ሰው ደውላ ማንም ባለቤት አልሆንም አለ ብላ ነገረችን።

ፈተና ላይ የማወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አይተውት የማያውቁት ፖስት እሰጣለሁ፣ እውነት ወይስ ሐሰት ብዬ አልጠይቅም። መጀመሪያ የምታዩትን ሦስት ነገርና የት እንደምታዩት በእንግሊዝኛ ጻፉ ነው የምለው። አምስት ነጥብ ነው። «ጉግል አደርጋለሁ» ብቻ ያለ ዜሮ ያገኛል፤ ምን ብሎ እንደሚፈልግ መጻፍ አለበት። እርማቱ ያደክማል፤ አራት ሴክሽን ስላለኝ ቅዳሜና እሑዴ እዚያው ያልቃል። በምርጫ ጥያቄ ልቀይረው ሞክሬ ልጆቹ «ከላይ ያሉት ሁሉ» የሚለውን እያከበቡ ስለወጡ ወደ ጽሑፉ ተመልሻለሁ።