ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 እና ባትልፊልድ 2፦ ደሴ ላይ ሳወዳድር የት እንደተሳሳትኩ

ስምንት ኮምፒውተር ባለው የደሴ ጌም ቤት ሁለቱን የጦርነት ጌሞች ጎን ለጎን አስጫውቼ የትኛው እንደሚሻል ለመለየት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከስድስቱ አራቱ በከንቱ አለፉ። ጥፋቱ የሁለቱም ጌሞች አልነበረም፤ በገዛ እጄ ክሪምፕ ያደረግኩት፣ ማለትም ጫፉን ኮኔክተር ላይ የገጠምኩት፣ የኔትወርክ ኬብል ነው። በዚያ ወር «ባትልፊልድ ይንቀጠቀጣል፣ ተዉት» ብዬ ለስንቱ ነገርኩ፤ ሰምተውኝ ከማሽናቸው ላይ ያጠፉትም አሉ። ኮምቦልቻም ይሁን ወልድያ እንዲህ ያለ ነገር ሊሞክር ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔን ማንም ያላስጠነቀቀኝን ልንገረው።

አሮጌዎቹን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ባትልፊልድ 2 ደግሞ በ2005 የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ኢንፊኒቲ ዋርድ፣ ሁለተኛውን የስዊድኑ ዳይስ ነው የሠራው። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት፣ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሄዳሉ። የቅርቦቹ እንዲህ አይደሉም። በ2025 የወጣው ባትልፊልድ 6 ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚሠራ የደኅንነት ቁጥጥር) ካልበራ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም፤ የቡድን ጨዋታውም ኢንተርኔት የግድ ይለዋል። እኛ ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶብን ያየን ሰዎች ነን። ዳታው ቢኖርም ርቀቱ አለ። ከደሴ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚጓዘው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበላል፤ መስመሩ ደግሞ ቀጥታ አይደለም። በቤት ኔትወርክ ግን ፒንጉ (የደርሶ መልሱ ጊዜ) ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው።

ማሽኖቹን ማዘጋጀቱ ብዙ አያስቸግርም። በካርቶኑ ላይ ለሁለቱም 512 ሜጋ ባይት ራም ይበቃል ተብሎ ተጽፏል፤ አትመኑት፣ ከ2 ጊጋ በታች አትሞክሩ። ዊንዶውስ 10 ላይ እ.ኤ.አ. የሰኔ 2010ን የዳይሬክትኤክስ 9 ጥቅል (ጌሞቹ ለምስልና ለድምፅ የሚፈልጉትን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ ጫኑ። ፍላሻችሁ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት። የጌሙ ስሪት ለኮል ኦፍ ዲዩቲ በሁሉም ማሽን 1.7፣ ለባትልፊልድ በሁሉም ማሽን 1.50 ይሁን፤ አንዱ ማሽን ኋላ ከቀረ ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ማሽን) አያስገባውም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ የቡድን ጨዋታውን ስትከፍቱት ወዲያው ከጠፋባችሁ ጌሙን እንደገና ለመጫን አትድከሙ። ማይክራፎን ያልተሰካበት ማሽን ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ማይክ ያለው ሄድሴት ስኩበት፣ ይነሣል። ባትልፊልድ ደግሞ ግራፊክሱ በተነካካ ቁጥር ማፑን (የውጊያውን ሜዳ) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ሼደር የሚባሉትን የምስል መሥሪያ ፕሮግራሞች እያስተካከለ ደቂቃዎች ይፈጃል። ተሰቀለ ብላችሁ አትዝጉት።

አሁን ወደ ኬብሉ።

ስዊቹ፣ ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን፣ በር አጠገብ ነበር። አራቱ ማሽኖች ከስዊቹ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ፣ አራቱ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ሃያ ሜትር ገደማ ኬብል የሚፈልጉ ነበሩ። ጥቅል ኬብል፣ የኮኔክተር ፓኬት፣ ክሪምፐርና ርካሽ ቴስተር ገዛሁ። ሻጩ «ቀለሙ ምንም ለውጥ የለውም፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ» አለኝ። እኔም ሳልጠይቅ ሳልመረምር አመንኩ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል፤ እነዚህን ጥንዶች እንደመጡ አሰለፍኳቸው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ለዓይን ያማረ ነው። ቴስተሩ ላይ ስሰካው መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራ በሩ። ስምንቱንም ኬብል እንዲሁ ሠራሁ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የ100 ሜጋ ቢት ኔትወርክ የሚጠቀመው በ1 እና 2፣ በ3 እና 6 ያሉትን ሽቦዎች ነው። ሁለት ሽቦ የሚጠማዘዘው አንዱ የሚለቀውን ረብሻ ሌላው እንዲያጠፋለት ስለሆነ፣ 3 እና 6 እርስ በርስ የተጠማዘዙ መሆን አለባቸው። በእኔ አሰላለፍ 3 ላይ ያለው ከአረንጓዴው ጥንድ፣ 6 ላይ ያለው ከሰማያዊው ጥንድ የመጣ ነው። ሁለት ባይተዋሮችን አንድ ሥራ ላይ አሰማርቻለሁ ማለት ነው። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሆነ ይህን አይነግራችሁም፤ ስምንቱም መብራት እየበራ ኬብሉ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሜትር ኬብል ላይ ጉዳቱ አይታይም። በሃያ ሜትር ላይ እሽጎች (ማሽኖቹ የሚላላኩት መረጃ ቁራጮች) ይጠፋሉ፤ በተለይ ብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲላላክ።

ትክክለኛው አሰላለፍ ይኸውላችሁ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች አዙራችሁ ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚቆጠረው። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱ። የውጩ ሽፋን ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ይያዝ፤ ሽቦዎቹ ራቁታቸውን ከኋላ ከታዩ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩ።

ይህ ነገር ውድድሩን እንዴት እንዳበላሸው ልብ በሉ። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሁለት ለሁለት ስለሚመች በር አጠገብ ባሉት አራት ማሽኖች ነበር የሞከርኩት፤ አጭር ኬብል፣ ምንም ችግር የለም። ባትልፊልድ ሰው ይፈልጋል ብዬ ስምንቱንም ከፈትኩለት፤ ግማሾቹ ረጅም ኬብል ላይ ናቸው። መስኮት በኩል የተቀመጡት ታንክ ሲነዱ ታንኩ ወደ ኋላ ይዘላል፣ የተኮሱት አይመታም፣ አንዳንዴም ከሰርቨሩ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ በደብተሬ ላይ «ባትልፊልድ፦ ኔትወርክ ኮዱ ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። አራት ሳምንት ሙሉ! አንድም ቀን የመስኮቱንና የበሩን ተጫዋቾች ቦታ አላለዋወጥኩም። ቢለዋወጡ ኖሮ ችግሩ ከወንበሩ ጋር እንደሚቀር በአንድ ምሽት አየው ነበር። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነው። ጌም ከመክፈታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ማሽን ወደ ሰርቨሩ የፒንግ ትእዛዝ ላኩ፤ እሽጉ 1400 ባይት፣ ቁጥሩ 500 ይሁን፣ በትንሹ እሽግ እንዳትታለሉ። አራቱም አምስቱም ማሽን በአንድ ጊዜ ይላኩ። በቤት ኔትወርክ ላይ የሚጠፋው እሽግ ዜሮ መሆን አለበት። «አንድ ሁለት ቢጠፋ ምን አለበት» አትበሉ፤ ዜሮ ካልሆነ ኬብሉን ቆርጣችሁ ሥሩ። እኔ ስምንቱንም ኬብል እንደገና ከሠራሁ በኋላ ባትልፊልድ በመስኮቱ በኩልም ያለ አንድ መንገጫገጭ ሄደ።

ኔትወርኩ ላይ ሳለሁ ሦስት ነገር ልጨምር። ጌሞቹ ሰርቨሩን ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ ይባላል፤ አትጠብቁ። ለየማሽኑ አድራሻ በእጅ ስጡ፤ ሰርቨሩ 192.168.1.10፣ ሌሎቹ ከ11 እስከ 18። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ ኮንሶሉን (ትእዛዝ መጻፊያውን) በአማራጮች ውስጥ አብሩና በኮኔክት ትእዛዝ አድራሻውን ከፖርት 28960 ጋር ጻፉ፤ ባትልፊልድ ላይ በአድራሻ መግቢያ ቁልፍ አለው፣ ፖርቱ 16567 ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ፋየርዎሉ ይዘጋባችኋል፤ «ፕራይቬት» አድርጉት። ዋይፋይ ያለው ማሽን ከሆነም ዋይፋዩን አጥፉ፤ አሮጌ ጌም በየትኛው መስመር እንደሚናገር ግራ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ተጫዋች የተቀመጠበትን ማሽን ሰርቨር አታድርጉ። እሱ ፒንጉ ዜሮ ነውና ሁሌ ይቀድማል። ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ማሽን ያለ ስክሪን አስነሡና ሰርቨሩንና ስዊቹን ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ስኩ። የአንድ ማሽን ሶኬት ቢነቀል ጨዋታው አይቋረጥም፤ ተጫዋቹ ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ የሚቀረው ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ማውስ ላይ የዊንዶውስን ማፋጠኛ በሁሉም አጥፉ። ማስመሪያ አምጡና ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ማውሱን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚገፋ ለኩ፤ በሁለቱም ጌም ያው ቁጥር እስኪመጣ ሴንሲቲቪቲውን (የማውሱን ፍጥነት) አስተካክሉ። የቁጥሮቹ አቆጣጠር በሁለቱ ጌሞች ስለሚለያይ አንዱን ለሌላው መገልበጥ አይሠራም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ ደግሞ የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) የዝላዩን ከፍታ ሳይቀር ይለውጣል። ፋብሪካው የሰጠው ጣሪያ 85 ነው፤ የለመዱት 125 ያደርጉታልና ከፍ ብለው ይዘላሉ። ደካማ ማሽን 125ን ስለማይዝ ሁሉንም 85 ላይ አስሩት። «የእኔ ማሽን ይችላል» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት።

ሁለተኛው ስህተቴ ማፕ ነው። ባትልፊልድ 2 አንዱን ማፕ በ16፣ በ32 እና በ64 ሰው ልክ ያቀርባል። እኔ ትልቁ ይሻላል ብዬ ስምንት ሰው 64ቱ ላይ ለቀቅኩ፤ ሰዎቹ ጠላት ፍለጋ ሲባዝኑ ነበር። ካርካንድን በ16 ሰው ልክ ክፈቱት። ያኔ ባንዲራዎቹ ይቀራረባሉ፣ መንገዶቹ ይጠባሉ፣ አራት ለአራት ይሞላዋል። ለኮል ኦፍ ዲዩቲ ለስምንት ሰው ክራሽንና ክሮስፋየርን ውሰዱ፤ ሺፕመንት ግን ስትነሡ ከጀርባ የምትመቱባት ጠባብ ቦታ ስለሆነች ለፍርድ አትሆንም።

ኬብሉና ማፑ ከተስተካከሉ በኋላ ያየሁት ይህ ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 ከመጀመሪያው ደቂቃ ይያዛል። የተመታ ሰው ተሸሽጎ ሲቆይ ጤናው ይመለሳል፤ ሳይሞት ሦስት የገደለ ራዳር፣ አምስት የገደለ የአየር ድብደባ፣ ሰባት የገደለ ሄሊኮፕተር ያገኛል። ስለዚህ ጎበዙ ይበልጥ ይጎብዛል፣ ጀማሪው ይበልጥ ይሞታል። ጥይቱ ስስ ግድግዳ ያልፋል፤ ማፑን በቃሉ የያዘ ሰው በግድግዳ ውስጥ ይመታችኋል። ሄሊኮፕተሩ ያስከፋል ካላችሁ «ሰርች ኤንድ ዲስትሮይ» አጫውቱ፤ የሞተ ዙሩ እስኪያልቅ ስለማይመለስ ሁሉም ይጠነቀቃል።

ባትልፊልድ 2 ላይ ግን ጤና በራሱ አይመለስም። ሐኪሙ ነው የሚያክም፣ የወደቀውንም የሚያነሣ፤ ጥይት የሚሰጥ ሌላ፣ ታንክ የሚጠግን ሌላ ነው። ቡድኑ እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፣ መሪው በሕይወት ካለ የሞቱት እሱ አጠገብ ይነሣሉ። ኢላማው እንደ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ጥይቱን ባነጣጠሩበት አያሳርፍም፤ እየሮጡ ከተኮሱ ይበተናል፣ ቆም ብሎ አንድ አንድ መተኮስ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጀማሪ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠላው። ሦስተኛው ምሽት ላይ ግን ክፍሉ ሌላ ነው። ዝምታው ይጠፋል፤ «ሐኪም! ሐኪም ና!»፣ «አብሽር፣ መጣሁ» ሲባባሉ ነው የምትሰሙት። በኢላማ የማይሆንለት ልጅ ሐኪም ሆኖ ቡድኑን ሲያሸንፍ አይቻለሁ፤ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ ይህ ልጅ በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

ፍርዴ ይኸው። በግማሽ ሰዓት የሚያስከፍል፣ ገቢ ወጪው ብዙ የሆነ ጌም ቤት ካላችሁ ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 ያዙ። ከአፍጥር በኋላ ወይም እሑድ ከሰዓት ተጠራርተው የሚመጡ፣ የሚተዋወቁ ስምንት ሰዎች ካሉ ባትልፊልድ 2 ይበልጣል፤ በብዙ ይበልጣል። ይህን ከአራት ሳምንት በፊት መናገር የነበረብኝን ነገር ዘግይቼ ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ግን የትኛውንም ብትመርጡ አትለፉት። ስፒከር አትክፈቱ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ያየነውን አይተናል፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ሲሰማ ጎረቤት ያለች እናት ጌም ነው ብላ አትገምትም። ለስምንቱም ጆሮ የሚሸፍን ሄድሴት ግዙ፤ ከስዊቹ በፊት እንኳ ይህን ግዙ። በአሜሪካ ደረጃ ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ባትልፊልድ 2 ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የተባለው። እኔ ሁለቱንም ከ16 በታች ላለ ልጅ አልከፍትም። ዕድሜው የደረሰ ሆኖም መሀል ላይ ሄድሴቱን አውልቆ ዝም ያለ ልጅ ካያችሁ ምክንያቱን አትጠይቁት፤ የከፈለውን መልሱለትና እግር ኳሱን ክፈቱለት።