ካልፒስ እና ካልፒኮ

ዛሬ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በጃፓን አሜሪካውያኑ የባለቤቴ ወላጆች ቤት፣ አማቴ ነጩን የወተት መጠጥ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው «ካልፒስ ጠጡ» ሲሉን፣ ሴት ልጄ ጠርሙሱን አንብባ «አያቴ፣ ካልፒኮ ነው የሚለው» ብላ አረመቻቸው። መጠጡ በጃፓን ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ ሲሆን፣ ስሙ ከካልሲየምና «ሳርፒስ» ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የተውጣጣ ነው፤ ትርጉሙም እኛ በደንብ የምናውቀው ንጥር ቅቤ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን «የላም ሽንት» ስለሚመስል አሜሪካ ውስጥ ካልፒኮ ተባለ። ፖካሪ ስዌት የተባለው ሌላው የጃፓን መጠጥ «ላብ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ እንደያዘ ነው።

አማቴ በልጅነታቸው የክፍል ጓደኞቻቸው በስሙ ስለሳቁባቸው፣ መጠጡን ለዓመታት ለእንግዳ አቅርበው እንደማያውቁ ሲነግሩን ከልቤ አዘንኩ። ልጄ ዝም ብላ ካዳመጠቻቸው በኋላ ብርጭቆዋን ዘርግታ «አያቴ፣ ካልፒስ ይጨምሩልኝ» አለቻቸው።